ሁለት ቤት ብቻ ነው የቀረው

ከሆሳዕና የወጣሁ ዕለት፣ ገና ጎህ ሳይቀድ ቤታችን በሰው ተሞልቶ ነበር። የጸሎት ኅብረታችን አባላት ሊሸኙኝ ጋቢያቸውን ተከናንበው መጥተዋል። እናቴ ቆጮውን በኮባ ቅጠል ጠቅልላ፣ ቅቤውን በጣሳ አድርጋ ከልብሴ መሃል ወተፈችው። ልብሴ ይሸታል ብላት «ይሽተት፣ ከየት እንደመጣሽ ይወቁ» አለችኝ። ከዚያ ወደ ሰዎቹ ዞር ብላ፣ «ልጄን የቀጠራት ቤት የሚሠራ ካምፓኒ ነው። ቤት የሚሠራ ሰው ልጄን ቤት አያሳጣትም» አለች። ሁሉም አሜን አሉ። እኔም አሜን አልኩ፤ ምን ላድርግ፣ ለእኔም እንደዚያው ነበር የመሰለኝ።

እናንተ እዚያ ያላችሁ፣ እናንተም ሻንጣ ልታዘጋጁ የምታስቡ፣ እስቲ እንደሆነው ልንገራችሁ።

ሥራው ሴልስ ይባላል። ካርዴ ላይ «የሽያጭ አማካሪ» ተብሎ ተጽፏል፤ ገዢዎቼ ግን ስልካቸው ላይ «ደላላ ፀጋነሽ» ብለው ነው የሚመዘግቡኝ፣ በዓይኔ አይቻለሁ። ቢሮው ቦሌ፣ መስታወቱ የሚያብለጨልጭ ፎቅ ላይ ነው። በመጀመሪያው ቀን ሥልጠና አለቃችን ሁለት ነገር አስተማረን። አንደኛ፣ ቤቱ መቶም ይሁን ሁለት መቶ «ሁለት ቤት ብቻ ነው የቀረው» ይባላል። ሁለተኛ፣ ገዢ ዝም ሲል ዝም አይባልም፤ ዝምታውን ካልሞላሽው ማሰብ ይጀምራል። እኛ አገር ሰው ሲያስብ ይጠበቃል፣ እዚህ ይቋረጣል።

ለራሴ ማደሪያ ፍለጋ ለሚ ኩራ ድረስ ሄድኩ። ግቢው ግማሹ ቤት ግማሹ አሸዋ ነው። አከራይዋ እትዬ አስካለ በር ላይ ቆመው መረመሩኝ።

«ስንት ሰው ነሽ?»

«አንድ ነኝ።»

«እንግዳስ?»

«እንግዳ የለኝም።»

«ይመጣል። እናንተ ዘመድ አታጡም። ውሃ በሳምንት አንዴ ነው፣ ልብስ ማጠብ በሁለት ሳምንት አንዴ። ሥራሽ ምንድን ነው?»

«ቤት እሸጣለሁ እትዬ።»

ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ። «ታዲያ ለራስሽ አንዱን አታስቀሪም ነበር?»

የወሩን ኪራይ ቆጥሬ ሰጠኋቸው። ጠዋት ጠዋት በሸራ ጫማ አቧራውን አቋርጬ፣ ሁለት ታክሲ ይዤ፣ ቦሌ ስደርስ ከቦርሳዬ ታኮ ጫማ አውጥቼ እቀይራለሁ። ምሳ ሰዓት ገዢ ከጋበዘኝ ክትፎ አለ፤ ቆጮው ግን እንደ መታወቂያ ፎቶ ተቆርጦ ሳህኑ ጥግ ላይ ይቀመጣል። የእናቴን አታካና፣ ያንን ቡላ በቅቤ ያበደ ነገር፣ አስቤ እምባዬ መጥቶ ያውቃል። ብርዱንማ አታንሱት፤ የእኛ ብርድ ሰው አቅፎ እሳት ዳር ያስቀምጣል፣ የለሚ ኩራ ንፋስ አቧራ አልብሶ ነው የሚለቅ።

የምንሸጠው ሕንፃ ገና አላለቀም። ያለቀው ስድስተኛ ፎቅ ላይ ያለው ማሳያ ቤት ብቻ ነው፤ ግራጫ ሶፋ፣ ባዶ ፍሪጅ፣ በሳህን የተደረደረ የፕላስቲክ ፍራፍሬ። በገባሁ በሳምንቱ ሶፋው ላይ ተቀምጬ ፎቶ ተነሳሁና ለታናሽ እህቴ ላክሁላት። እናቴ ወዲያው ደወለች። «ቤትሽ ነው?»

«እዚያ ነው የምውለው» አልኳት።

ውሸት አልተናገርኩም፣ ቀን ቀን እዚያ ነበርኩ። እናቴ ግን ፎቶውን ቤተ ክርስቲያን ይዛ ሄደች። ተመሰከረበት፣ ተዘመረበት። ከዚያ በኋላ ላስተካክለው ብል በየት በኩል? በየሳምንቱ ነገ እነግራታለሁ እያልኩ ዓመት ሞላኝ።

ዳዊት የሚባል የሥራ ባልደረባ አለኝ፣ ከነቀምት የመጣ፣ የፊዚክስ መምህር የነበረ። አንድ ቀን ያላለቀው ሕንፃ ደረጃ ላይ ክራባቱን ፈትቶ ተቀምጦ አገኘሁት። ስምንት ወር ሙሉ ቤት እያሳየ ያዞራት ገዢ፣ ልጇን ከትምህርት ቤት ሳይቀር እያመጣላት፣ ጠዋት ከሌላ ኩባንያ ገዝታ «ፍቅርህን ግን አልረሳም» ብላ ጽፋለታለች። ስቄም አዝኜም ሳበቃ፣ ለእንደዚህ ያለው ቀን የምንሰባሰብበት ነገር ያስፈልገናል አልኩት። ሥራችን ሰውን ማሳመን ነው፣ እኛን ግን የሚያጽናና የለም። በዚህ ሁኔታ ማኅበራችን ተወለደ፤ ማክሰኞ ማክሰኞ፣ ሃያ ሁለት ሰፈር፣ አንድ ካፌ ውስጥ።

እኔ የማውቀው ስብሰባ የኅብረታችንን ብቻ ነው፤ ሰው ይቆማል፣ የገጠመውን ይመሰክራል፣ ሌላው ይደግፈዋል። ይህንኑ አስረድቼ ከየኩባንያው ሰው ሰብስበን፣ ከእኔና ከዳዊት ጋር ሰባት ሴልስ ሆንን። ሰባታችንም ገዢ እንዳንነጠቅ ስልካችንን ጠረጴዛው ላይ በፊቱ ደፍተን ተቀመጥን። የመጀመሪያው ተነሳ፤ «እኔ እንኳን ችግር የለብኝም፣ ገበያው አሪፍ ነው።» ሁለተኛውም እንደዚያው። የመቀሌዋ ራሄል ደግሞ «ትናንት ሁለት ዘጋሁ» አለች፤ በእኛ ቋንቋ ሁለት ቤት ሸጥኩ ማለት ነው፤ በኋላ ስንሰማ ግን የዘጋችው ስልክ ነው፣ አከራይዋ ሁለቴ ደውለው። አስተናጋጇ ማኪያቶ ስታወርድ «ቤት ሻጮች ናችሁ? አጎቴ ይፈልግ ነበር» ብትል ስድስት ሰው ካርዱን ይዞ ተነሳ። ሰባተኛዋ እኔ ነበርኩ፣ ካርድ ጨርሼ።

የሰለቸው ዳዊት ሕግ አወጣ። ማኅበሩ ውስጥ «ሁለት ቤት ብቻ ነው የቀረው» ያለ ሰው የሁሉንም ማኪያቶ ይከፍላል። ለሁለት ወር ያህል ካፌው ሒሳቡን ከራሄል ነበር የሚቀበለው። ከአፏ ያመልጣታል፣ ምን ታድርግ።

እንዲህ እያለን እናቴ ደወለች። የዓይኗ ሞራ ባሰ፣ አዲስ አበባ ቀጠሮ ተያዘላት። «የኅብረቱ ሰዎች ማረፊያ እንፈልግልሽ አሉኝ፣ ልጄ ቤት እያለ ብዬ ተቆጣኋቸው» አለችኝ። በዕድሜዋ አንዴ እንኳ ዋሽታ የማታውቅ ሴት ናት። «ነይ» አልኳት።

ማክሰኞ ዕለት ተነስቼ መሰከርኩ። ፎቶውን፣ መዝሙሩን፣ ሁሉንም። ከዚያ ራሄል ስልኳን ገልብጣ ገፋችልኝ፤ ያው ግራጫ ሶፋ ላይ፣ ያንን የፕላስቲክ ማንጎ ይዛ። ለካ ዳዊት ቁልፉን አውሷት ኖሯል። «አባቴ አሳጥቦ ሳሎን ሰቅሎታል» አለች። ዳዊትም የራሱን አወጣ። እርሱስ ጭራሽ አልጋው ላይ ጋደም ብሎ ነው የተነሳው።

እዚህ ላይ አልቅሰን ብንለያይ ጥሩ ነበር። ግን ሴልስ ነን። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ወረቀት ወጣ። እሑድ ጠዋት ገዢ አይመጣም፣ ቁልፉ ዳዊት ጋ ነው፣ ጀሪካን ውሃ ራሄል ታመጣለች፣ መታጠቢያ ቤቱ አይከፈት። «ደግሞ ሞራ ካለባቸው የግድግዳው ስንጥቅ አይታያቸውም» አለ አንዱ፣ ሊያበረታታኝ። አፈርኩ። ግን እሺ አልኩ።

እሑድ እናቴን ከአየር ጤና መናኸሪያ ተቀብዬ ቀጥታ ወደዚያው ወሰድኳት። በሩ ላይ ጫማዋን አወለቀች። ሶፋው ጫፍ ላይ፣ እንዳታቆሽሽ ተጠንቅቃ ተቀመጠች። ዳዊት «እንኳን ደህና መጡ እማማ» ብሎ ጀመረና አላቆመም፤ «የተፈጥሮ ብርሃኑን ይመልከቱ፣ ሳሎኑ ብቻውን ሠላሳ ስምንት ካሬ ነው…» በክርኔ ወጋሁት።

እናቴ ተነሳች። ግድግዳውን በእጇ እየዳሰሰች ትጸልይ ጀመር። ለግድግዳው፣ ለደጃፉ፣ ለወደፊቱ ባሌ፣ በዚህ ቤት ለሚወለዱት ልጆች። ራሄል ሳትቀር አንገቷን ደፋች። አሜን ብላ ስትጨርስ ሳሎኑ ጸጥ አለ፤ እናቴ ዝም ብላ ዙሪያውን ታያለች። ሴልስ ደግሞ ዝምታ አይችልም።

«ሁለት ቤት ብቻ ነው የቀረው እማማ» አለች ራሄል፣ «ዛሬ ካልወሰኑ…»

አፏን በሁለት እጇ ያዘች።

«ምኑ ነው የቀረው ልጄ?» አለች እናቴ።

እናቴ ወደ እኔ ዞረች፤ እነሱ እንዳይሰሙ በቋንቋችን በሀዲይሳ «የት ነው የምታድሪው?» አለችኝ። ነገርኳት። ጫማዋን አደረገችና «እንሂድ» አለች።

እትዬ አስካለ በሩ ላይ ነበሩ። «እንግዳ የለኝም ብለሽ አልነበር?» አሉ።

«እንግዳ አይደለሁም፣ እናቷ ነኝ» አለች እናቴ፤ ለእኔ ካመጣችው ቆጮ ግማሹን ከነኮባው እጃቸው ላይ አስቀመጠችላቸው። እትዬ አስካለ ተቀበሉና ቀኑ ያልደረሰ ውሃ ከፈቱልን።

አራት ሌሊት በአንዲቱ አልጋዬ ላይ ተቃቅፈን አደርን። አንድም ቀን አልተቆጣችኝም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ዓይኗ ተሠርቶ፣ ሐኪሙ ይበቃሻል ሲላት፣ ያመጣችውን ቡላ ለእኔ ትታ ተመለሰች።

በቀጣዩ ማክሰኞ ዳዊት ተነስቶ «ዓመት ሊሞላኝ ነው፣ አንድም አልሸጥኩም» አለ። ራሄል እዚያው ፊታችን አባቷ ጋ ደወለች። ማንም ካርድ አላወጣም። እውነት የተነገረበት የመጀመሪያው ስብሰባችን ነበር።

እናቴ ባለፈው ሳምንት የደወለችው ማሳያ ቤቱ ባልኮኒ ላይ ሆኜ ነው። ከኋላዬ አዲስ ተጋቢዎች ሳሎኑን በእርምጃ ይለካሉ።

«ዓይኔ አሁን ደህና ያያል» አለች። «ፎቶውን ደግሜ አየሁት። ያ ፍራፍሬ ፕላስቲክ ነው።»

«አዎ እማዬ።»

«የኅብረቱ ሰዎች ምስክርነት ስጪ አሉኝ።»

«ምን አልሻቸው?»

«ቤቱን አይቻለሁ፣ ሰፊ ነው፣ ጸልዬበታለሁ አልኩ። ውሸት አለበት?»

«የለበትም።»

«እኔም ለራሴ እንደዚያ እላለሁ። እንቅልፍ ግን እምቢ አለኝ።»

ዝም አለች። እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ ዝምታውን ሳልሞላው ጠበቅኋት። ናፈቀችኝ፤ ስልኩን ጆሮዬ ላይ አጥብቄ ያዝኩት።

«ፀጋነሽ» አለች በመጨረሻ፣ ቀስ ብላ። «እነዚያ ሁለቱ ቤቶች… አሁንም አሉ?»

«አሉ እማዬ» አልኳት። «ሁለት ቤት ብቻ ነው የቀረው።»

የዚህ ማክሰኞ ማኪያቶ በእኔ ነው።