ለዴልፊን ክፍት የተተወ በር

ምራቴ ኔኒታ ታፔል የባሕር ልጅ አይደለችም። የተወለደችው ከእኛ መንደር ግማሽ ቀን በሚያስኬድ ተራራ ላይ፣ አባካ የሚባለውን ተክል ፍቀው ቃጫ ከሚሸጡ ሰዎች ነው። ልጄ ዴልፊን ሲያገባት ዋና አታውቅም ነበር፤ ዛሬም አታውቅም። በመንደራችን ትምህርት ቤት አስተማሪ ሆና ስትቀጠር ሰዉ፣ «ይቺ የዝናቡን ወራት አትጨርስም፣ ወደ ተራራዋ ትመለሳለች» አለ። አልተመለሰችም። ስድስተኛ ክፍልን ስታስተምር ይኸው ጸጉሯ ሸበተ። ጠመኔ ጸጉሯ ውስጥ ሰክታ ትረሳውና እንዳለች ገበያ ትወጣለች። ዘፈን አትችልም፣ ግን ትዘፍናለች። ቆርቆሮ ሲነሣ ማንንም ሳትለምን ጣሪያ ላይ ወጥታ ራሷ ትመታለች። ዓሣ አትበላም። የተወችው ባሕር ዴልፊንን ከወሰደው ወዲህ ነው። ለምን ብሎ የጠየቃት የለም፤ ሁሉም ያውቀዋል።

ዴልፊን የሄደው ልጃቸው ሬሽል መዳህ በጀመረችበት ዓመት ነው። መረቡን ሊሰበስብ ወጣና ነፋስ ቀደመው። ጀልባው ተገልብጦ ተገኘ፤ እሱ አልተገኘም። በእኛ ጠረፍ ደግሞ ባሕር ሬሳውን ባልመለሰው ሰው ላይ በር አይዘጋም፤ ይልቁንም በአውሎ ቀን። እንዲህ ያሉት የሚመጡት ያን ቀን ነው፤ በርዷቸው፣ ደክሟቸው። በሩን ዝግ ያገኘ ሁለተኛ አይመጣም ይባላል። እኔ አባቱ ነኝና ልማዱ በቤቴ እንዲጠበቅ አደረግሁ። ኔኒታም አንድ ቀን አልተከራከረችኝም። አውሎ በመጣ ቁጥር ወደ ባሕር የሚያየውን በር ወለል አድርገን ከፍተን፣ ሦስታችን ጓዳ ውስጥ ተጠጋግተን እንቀመጥ ነበር። ሲነጋ ሁልጊዜ ጥቂት ቆርቆሮ ይጎድላል። ኔኒታ መዶሻዋን ይዛ ትወጣለች።

ሬሽል እናቷ ክፍል በደረሰችበት ዓመት፣ ስድስተኛ ክፍሎች አውሎ የሚቋቋም ቤት እንዲሠሩ ተባለ። በቡድን በቡድን ሆነው ከቀርከሃ ስንጥቅና ከካርቶን በቃጫ እያሰሩ ትንንሽ ቤት ይሠራሉ፤ ቤቱ ነፋስ ፊት ይቆማል፤ ከወደቀ ለምን እንደወደቀ ይነጋገሩና አስተካክለው መልሰው ያቆሙታል። ቀርከሃውን የሰነጠቅሁላቸው እኔ ስለነበርኩ በፈተናው ቀን ከኋላ ወንበር ተሰጠኝ። ነፋሱ ከቤተ ክርስቲያን የተዋሱት ትልቅ ቬንትሌተር ነው።

«ቲቸር፣ ይሄ እኮ የተባረከ ነፋስ ነው፤ ቤት አይጥልም» አለ ክሪስፒን። ክሪስፒን ከእጁ ምላሱ የሚፈጥን ልጅ ነው።

«እንግዲያው ያንተን እናስቀድማ፣ እናያለን።»

«ኧረ የሴቶቹ ይቅደም! ሲወድቅባቸው ማልቀስ ያውቁበታል።»

«ቃጫውን ቤቱ ላይ ከምትጨርስ አፍህን ብታስርበት ይሻል ነበር» አለችው ሬሽል፤ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

የሴቶቹ ቤት አንድ እግሩ ታጥፎ ተንበረከከ። ሌላው እንዳለ ከጠረጴዛው ተነሥቶ ወለል ላይ ተከሰከሰ። ከዚያ ክሪስፒን የቡድኑን ቤት ከሸፈነበት ጨርቅ ገለጠው፤ እኔም አወቅሁት። የተጣመመው ደረጃ፣ ከጀርባ የተለጠፈችው ኩሽና፣ ጣሪያው ላይ ያለው የኔኒታ ጥገና ሳይቀር። የእኛ ቤት ነው። የፊቱ በር ክፍት ነበር።

«በሩን ምነው ሳትዘጉት?» አለች ኔኒታ።

«የእርስዎ ቤት ነዋ፣ ቲቸር። የእርስዎ አይዘጋም።»

ሊያሾፍ አልነበረም። ያየውን ነው የተናገረው። ኔኒታ ወደ እኔ ሳትዞር ቬንትሌተሩን አበራችው። ነፋሱ በበሩ ገባ፤ ቤቱ ጉንጩን እንደነፋ ሰው አበጠ፤ ጣሪያው ተነቅሎ በረረና ሰሌዳውን መታ።

«ወደ ማኒላ ሄደ!» አለ ክሪስፒን። ማንም አልሳቀም።

«መልሱት። በሩን ዝጉት» አለች።

አሁን ቆመ፤ ጣሪያው ግን ይንቀጠቀጣል። የኩሽናውን በር፣ ከነፋሱ ጀርባ ያለውን፣ ክፈቱ አለቻቸው። ሲከፍቱት ጣሪያው ረጋ።

ያን ጊዜ ነው የሰማነው። ጥፍር የምታህለው የተዘጋችው የካርቶን በር ኳ፣ ኳ፣ ኳ ትላለች። ነፋሱ እንደሚመታት የማያውቅ አልነበረም። ኔኒታ ማጥፊያውን ተጫነች። የቬንትሌተሩ ክንፍ እየዘገየ ሄዶ ቆመ። በሯ አንድ ጊዜ ደገመች፤ ኳ።

ወደ ቤት ስንመለስ ሬሽል ቀድማን ትሮጥ ነበር። ኔኒታ ደረጃው ሥር ስትደርስ ቆመች። እኔን የምትጠራኝ እንደ ባሏ «ታታይ»፣ አባባ፣ እያለች ነው።

«ታታይ፣ አይተዋል አይደል?»

«ካርቶን አየሁ። ቤቴ ካርቶን አይደለም።»

«ጣሪያው ሥር የምትቀመጠው ሬሽል ናት።»

«ውጭ ያለው ደግሞ አባቷ ነው» አልኳት፤ ነገሩ በዚሁ አደረ።

ትልቁ አውሎ የመጣው ጥቅምት ሳያልቅ ነው። ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄደን እንዳንጠለል ወንዙ መንገዱን አስቀድሞ ወሰደው። ቀትር ላይ ሰማዩ ጠቆረ። ሬሽል ጓዳ ገብታ ብርድ ልብስ ተከናነበች። ኔኒታ መቀርቀሪያውን አንሥታ ወደ ባሕሩ በር መጣች፤ እኔ ደፉ ላይ ቆሜ ነበር።

«ዞር ይበሉልኝ፣ ታታይ።»

«ልጄ ላይ ነው የምትዘጊው!»

«እኔም ለልጄ ነው የምዘጋው።»

ጣሪያው ከጓዳው በላይ ረጅም ሲቃ አሰማ። ሬሽል «እማ!» ብላ ጮኸች። ዞር አልኩ፤ እጄን ግን አላነሣሁም። ኔኒታ ብቻዋን ገፍታ ዘጋችው። ሄዳ የኩሽናውን ከፈተችና በእኛና በኩሽናው መካከል ያለውን መጋረጃ ጎትታ ተመለሰች።

ብዙም ሳይቆይ በሩ ተንኳኳ። ነፋስ በር ሲመታ አውቀዋለሁ፤ በመላ ክንዱ ነው የሚመታው። ይኼኛው በጣት አንጓ ነበር፤ ቀስ ብሎ፣ የሰው ትከሻ በሚሆንበት ከፍታ። ቀጥሎም «ታታይ» የሚል ድምፅ መጣ።

ጆሮዬ ነው ብዬ ነበር። ሬሽል ግን ከብርድ ልብሷ ውስጥ ቀና ብላ እኔን አያቷን ጠየቀችኝ። «ሎሎ፣ ማነው የሚጠራዎት?»

ተነሣሁ። ኔኒታ ቀደመችኝና ጀርባዋን ለበሩ ሰጠች። ከዚያ ፊቷን ወደ እንጨቱ አዞረች፤ ጭቃ ረግጦ ከሥራ ለተመለሰ ባል እንደሚነገረው ዓይነት፣ «ዴልፊን፣ ዛሬ በዚህ አይገባም፤ ጣሪያው ይሄድብናል። በኩሽና ዙር፣ ክፍት ነው» አለች።

ማንኳኳቱ ቆመ። አንድ ነገር ግድግዳውን በውጭ በኩል እየታከከ ወደ ኋላ ሄደ። የኩሽናው የቀርከሃ ወለል ሰው ሲረግጠው እንደሚጮኸው ጮኸ፤ ከዚያ ዝም አለ። መጋረጃው ወደ እኛ ትንሽ ተገፋ፤ እንደተገፋም ቆየ። ሦስታችንም ዓይናችንን ከእሱ አልነቀልንም። ነፋሱ ያን ሁሉ ጊዜ ሲያገሣ እኔ የምሰማው የሚንጠባጠብ ውኃ ብቻ ነበር።

ከዚያ ነፋሱ በድንገት ሞተ። በመስኮቱ ስንጥቅ የፀሐይ ብርሃን ገባ። ይህ የአውሎው መሐል እንጂ መጨረሻው እንዳልሆነ የእኛ ሕፃናት እንኳ ያውቃሉ፤ ነፋሱ ይመለሳል፣ ሲመለስም ከተራራው በኩል ነው።

«እማ፣ አሁን የሚዘጋው የኩሽናው ነው» አለች ሬሽል በሹክሹክታ።

«አውቃለሁ።»

«እኔ ልሂድ» አልኩ።

«እርስዎ ከሄዱ አይዘጉትም፣ ታታይ።»

እውነቷን ነው። መጋረጃውን ገልጣ ገባች፤ መጋረጃው ከኋላዋ ወደቀ። ድምፅዋን ሰማሁ፤ ዝቅ ያለ፣ ችኮላ የሌለበት። መልስ አልሰማሁም። ወለሉ አንድ ጊዜ ጮኸ። ከዚያ በሩ ሲዘጋ፣ መቀርቀሪያው ሲወድቅ ሰማሁ። ስትወጣ እጆቿ እስከ ክርን ርሰዋል፤ የባሕር ወለል ጭቃ ሽታ ተከትሏት ገባ። የፊቱን በር ራሷ ከፈተችው። ግቢው ባዶ ነበር። ነፋሱ ከተራራው ተመልሶ እስኪያልፍ ድረስ ጓዳ ውስጥ ተጠጋግተን ተቀመጥን። ጣሪያው አልተነሣም።

በማግስቱ ጭቃ ስንጠርግ ጠየቅኋት።

«ነበር?»

«ነበር።»

«ምን አለሽ?»

መጥረጊያዋን አላቆመችም። «ተቀመጥ አልኩት፣ አልተቀመጠም። ነፋሱ ሊመለስ ነው፣ ልዘጋው ነው፣ ወይ ግባ ወይ ሂድ አልኩት። ሬሽልን በመጋረጃው ጠርዝ አያት። ከዚያ ሄደ።»

«እኔን አልጠየቀም?»

ብዙ ጠረገች። «አባቴ አርጅቷል፣ በር ላይ አታቁሚው፣ አለ።»

ይህን እሱ ይበለው፣ ለእኔ ብላ እሷ ትፍጠረው፣ እስከ ዛሬ አላወቅሁም። ኔኒታ ደግማ አልተናገረችበትም፤ ሰኞ ተነሥታ ክፍል ገባች።

በዚያው ሰሞን የሙታን ቀን ደረሰ። ቄሱ በየዓመቱ እንደሚያደርጉት የሞቱትን ሰዎች ስም አንድ በአንድ ይጠራሉ፤ ሕዝቡም በእያንዳንዱ ስም «በሰላም ይረፍ» ይላል። የዴልፊን ስም እዚያ ተጠርቶ አያውቅም ነበር፤ በር የሚከፈትለት ሰው ከሙታን ጋር አይጠራም። ኔኒታ እኔን ሳታማክር ስሙን ሰጥታቸው ኖሯል። «ዴልፊን ታፔል» ሲሉ ሬሽል ክንዴን ያዘችኝ። ኔኒታ ከሁሉ ቀድማ፣ ከፍ ባለ የአስተማሪ ድምፅዋ መለሰች፤ ሕዝቡ ተከተላት። እኔ ቃሉን ያወጣሁት ቄሱ የሚቀጥለውን ሰው ከጠሩ በኋላ ነው።