በበርኖስ ሥር የደረቀ ደም

የምሥራች! ኧረ የምሥራች! ምሥር ብላ የሚለኝ ሰው ጠፋ? ተመለሰች! ከአሥራ አራት ወር በኋላ፣ ትናንት ሐሙስ፣ ገበያው ገና ሳይሞላ ወንበሯ ላይ ተመልሳ ተቀመጠች። አቧራውን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችና ዓይኗን ማይክሮስኮፑ ላይ ተከለች።

ማን አትሉም? እፀገነት ናታ! የቀጨሞ በር ጤና ጣቢያ የላብራቶሪ ባለሙያዋ እፀገነት። ነገሩን ግን ከሥሩ ልጀምረው። ከሥሩ ካልተነገረ አያናድድም፤ እኔ ደግሞ እንድትናደዱልኝ እፈልጋለሁ።

እፀገነት የመንዝ ገበሬ ልጅ ናት፤ ብርዱን ታውቀዋለች። ለወባ ምርመራ የሚወሰድ ደም መስታወት ላይ ወፈር ተደርጎ ጠብ ይደረጋል፤ ከዚያ በራሱ ጊዜ መድረቅ አለበት። ሌላ አገር አንድ ሰዓት የሚበቃው፣ ቀጨሞ በር ላይ ጭጋጉ ከወረደ ግማሽ ቀን ይፈጃል። እሳት ያስጠጉት እንደሆነ ደሙ ይጠበሳል፤ ከተጠበሰ ደግሞ ውስጡ ያለው ነገር አይታይም። ታዲያ እሷ ምን አደረገች? መስታወቶቹን ክዳኑ በተበሳሳ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ደርድራ፣ ቆርቆሮውን በበርኖሷ ሥር ታቅፋ መሥራት ጀመረች። ቆማም ተቀምጣም አትለየውም፤ እንቁላል እንደታቀፈች ዶሮ።

«እፀገነትዬ፣ ዛሬስ ስንት ፈለፈልሽ?» ይሏታል ወረፋ ጠባቂዎቹ።

«አንተን ብቻ ነው ያልፈለፈልኩት፣ ቁጭ በል!» ትላለች። ደሙ ግን ይደርቃል፤ ጥርት ብሎ ይደርቃል።

በ1998 ዓ.ም. ኅዳር ላይ በዕውቀቱ የሚባል ጎልማሳ እየተንቀጠቀጠ መጣ። ደሙን ወሰደች፣ አደረቀች፣ አየች። ወባ ነው፤ ያውም ክፉው ዓይነት። መዝገቡ ላይ ጻፈች። እንደ ዕድል ሆኖ በዚያው ቀን የዞኑ ተቆጣጣሪ አቶ ታዲዮስ ለቁጥጥር መጥቶ ነበር። መዝገቡን ገልጦ ቀይ እስክሪብቶውን አወጣ።

«እህት፣ እዚህ ውርጭ ላይ ወባ? ትንኟ ጋቢ ደርባ ነው የመጣችው?»

ወረፋው ሁሉ ሳቀ።

«ትንኟ አልመጣችም፤ እሱ ነው የሄደላት» አለች እፀገነት።

ታዲዮስ ወደ አግዳሚው ዞረ። «አንተ፣ በዚህ ወር ቆላ ወርደሃል?»

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። የእኛ አገር ሰው በመከር ወደ መርሐቤቴ፣ ወደ ጀማ ሸለቆ ወርዶ ለሌላ ሰው ያጭዳል፤ ግን አይናገርም። የራሱ መሬት ያለው ጎበዝ ለሰው አጨደ ከሚባል መሬት ተከፍታ ብትውጠው ይመርጣል። «በሬ ጠፍቶኝ ልፈልግ» ብሎ ይወጣል፤ ሲመለስ እህል ይዟል፣ በሬው ግን የለም። ማንም አይጠይቀውም። በዕውቀቱ አጠገብ ደግሞ ማን ተቀምጦ ነበር? አማቱ፣ አቶ ወልደ ጻድቅ!

«እኔ? ምን ሊያወርደኝ!» አለ በዕውቀቱ ጥርሱ እየተንገጫገጨ። «እህል አጣሁ እንዴ?»

«ይኸው!» አለ ታዲዮስ። ወባ የሚለውን በቀይ ሰርዞ «የለም» ብሎ ጻፈ። በዚያም አላበቃም። የዚያን ወቅት አሥራ ዘጠኝ ምርመራ ወደ ኋላ እየገለጠ፣ እሷ ወባ አለባቸው ያለቻቸውን ሰባቱን በሙሉ ሰረዘ። ዓይኑን አንዴ እንኳ፣ አንዴ እንኳ ማይክሮስኮፑ ላይ ሳያሳርፍ! መሄጃው ላይ ቆርቆሮውን ከበርኖሷ ሥር አየው።

«ደም በብብት? ላብሽን ነዋ ወባ እያልሽ የምታነቢው! ምድጃ አጠገብ አድርቂ።»

«ይጠበሳል፣ አቶ ታዲዮስ።»

«አትመልሽልኝ!»

በዕውቀቱ የተስቦ መድኃኒት ተሰጥቶት ተሸኘ። በስድስተኛው ቀን ራሱን ስቶ፣ ሚስቱ ኮከቤ እያለቀሰች በቃሬዛ ወደ መኪና መንገድ ወጣ። ደብረ ብርሃን ሲደርስ ወባ መሆኑ ታወቀ፤ ነፍሱ ተረፈች። ጆሮው ግን አልተረፈም። ዛሬ ከአጠገቡ ቆመው ካልጮኹ አይሰማም።

እፀገነት ይህን ሰምታ ዝም ልትል ነው? መዝገቡን ይዛ ለታዲዮስ አሳየችው። ምን ቢላት ጥሩ ነው? «ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ ነው የያዘው!» በደብረ ብርሃን ብርድ፣ ውሃ በጀሪካን ውስጥ በሚረጋበት አገር፣ በታኅሣሥ፣ ወባ! ይህን የተናገረ አፍ ደመወዝ ይበላል።

ጥር ላይ ግምገማ ተጠራ። ሠራተኛው ሁሉ ተሰበሰበ። ታዲዮስ ወረቀት አዘጋጅቶ ነበር፤ «በተሳሳተ ንባብ ኅብረተሰቡን አሳስቻለሁ» ይላል።

«ግለ ሂስ አድርጊና ፈርሚ» አላት።

እፀገነት ወረቀቱን አየችው። ልጆቿ ትዝ አሏት፤ እንጀራዋም ትዝ አላት። ከዚያ የእነዚያ ሰባት ሰዎች ደም ትዝ አላት።

«ያየሁትን አላየሁም አልልም» አለች። «ወንበሩ የመንግሥት ነው፤ ዓይኔ የእግዜር ነው።»

«የአመለካከት ችግር» ተብሎ ተጻፈባት። የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ማኅደሯ ውስጥ ገባ፤ እሷም ካርድ ክፍል ገባች። ማይክሮስኮፑ ላይ ላስቲክ ተደረበበት። ከዚያ ወዲያ ያተኮሰው ሁሉ ተስቦ ነው። ደረትን ያተኮሰውም ተስቦ፣ አራስን ያተኮሳትም ተስቦ!

ቁልፉን ስታስረክብ አንድ ነገር ብቻ ለመነች፦ ቆርቆሮው እንዳይነካ። በየጤና ጣቢያው መስታወት እጥረት ስላለ ከታየ በኋላ ይታጠባል፣ እንደገና ይሠራበታል። እሷ ግን አሥራ ዘጠኙን አላጠበችም። ቁጥር ለጥፋ ቁም ሣጥን ውስጥ አኖረቻቸው።

ክረምት ላይ ከበላይ ደብዳቤ መጣ። አገራችንና ጎረቤቶቻችን ላብራቶሪዎቻቸው እርስ በርስ እንዲፈታተሹ ተስማምተዋል፤ የእኛ መስታወት ኬንያ ይሄዳል፣ የእነሱ ወደ እኛ ይመጣል። ስም የለ፣ አገር የለ፤ ቁጥርና ደጋ ነው ቆላ ነው የሚል ምልክት ብቻ። አንባቢው ሌላው ምን እንዳነበበ አያውቅም። ደግ ሐሳብ! በሽታ እንደሆነ ኬላ ላይ ቆሞ መታወቂያ አያሳይም፤ እኛስ ለምን በየአጥራችን ውስጥ እንቀራለን?

ዞኑ ከደጋ የተወሰደ ደም ላኩ ተባለ። ቢፈለግ የለም፤ ሁሉም ታጥቧል! ታዲዮስ ቆርቆሮው ትዝ አለው። እፀገነት ከካርድ ክፍሉ መስኮት ሆና፣ ቆርቆሮዋን ፒካፕ ውስጥ ሲወረውረው አየች። ሊጥለው የወሰደው መስሏት ነበር። እሱ ግን በገዛ እጁ፣ በገዛ ፊርማው፣ ቅጹ ላይ አሥራ ዘጠኙንም «የለም» ብሎ ሞልቶ ላከው።

መልሱ የመጣው ባለፈው ሰኞ ነው። በስብሰባ ተነበበ። ሰባቱ ወባ ናቸው። እነዚያው ሰባቱ፣ ቁጥራቸው ሳይዛነፍ! ከታች ደግሞ እንዲህ የሚል ተጨምሯል፦ «የደሙ አደራረቅ እጅግ የጠራ ነው። በዚያ ብርድ እንዴት እንዳደረቃችሁት ብትጽፉልን እንማርበታለን።» ላብሽን ነው ያላትን ሰው ፊት በዚያች ሰዓት ማየት ነበር!

ታዲዮስ ምን አለ? ሰዓቱን አየና «ሰው ሆኖ የማይሳሳት የለም» አለ። አለቀ። ግለ ሂስ አድርግ ያለው የለም። የበዕውቀቱን ጆሮ ያነሳ የለም። ወረቀት አዘጋጅቶ ፈርም ያለው የለም!

እፀገነት ግን አልሳቀችም። ሪፖርቱን ተቀብላ እንደገና አነበበችው። ከሰባቱ ሌላ አንድ ስምንተኛ አለ፤ ቁጥር አሥራ አራት። እሷ ራሷ የለም ያለችው፣ እነሱ ግን ያገኙት።

«አሥራ አራት የማን ነው?» ብላ ተነስታ ወጣች።

አሥራ አራት ወር የኖረችበትን ካርድ ክፍል ከእሷ የተሻለ የሚያውቀው የለም። ካርዱን አገኘችው፤ አማከለች፣ ከወንዙ ማዶ ያለችው መበለት። ማክሰኞ ጠዋት በእግሯ ሄደች። አማከለች ገብስ ስታበጥር አገኘቻት።

«ያን ጊዜ ወባ የለብሽም ያልኩሽ እኔ ነበርኩ» አለቻት በሩ ላይ ቆማ። «ነበረብሽ። አላየሁትም። ይቅር በይኝ።»

አማከለች ሰፌዱን አስቀመጠች። «ያ ሁሉ ወር አንዴ ያዝ አንዴ ለቀቅ ሲያደርገኝ ቡዳ ነው እያልኩ የጎረቤቴን ስም ሳጠፋ ነበር! ግቢ፣ ምን ያስቆምሻል? አልሞትኩ!»

ግለ ሂስ ማለት ይኼ ነው። ታዲዮስ ቢያየው ይማርበት ነበር።

ረቡዕ ወደ ወንበርሽ ተመለሺ ሲሏት፣ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤው ከማኅደሯ ወጥቶ ዓይኗ እያየ ካልተቀደደ ወንበሩን አልነካም አለች። ተቀደደ። ትናንትም ተቀመጠች። ቀና ብላ መጀመሪያ ያለችው ግን «ለበዕውቀቱ ማን ይንገረው?» ነው። ምስኪን፣ ያቺ «ምን ሊያወርደኝ» ያላት ቃል እሷን ከወንበሯ እንደጣለች ያውቃል፤ አሥራ አራት ወር ሙሉ ባያት ቁጥር መንገድ ይቀይራል።

እኔ እነግረዋለሁ ብያለሁ። ችግሩ፣ እሱ የሚሰማው ሲጮኹለት ነው፤ እኔ ስጮህ ደግሞ ቆላ መውረዱን አማቱ አቶ ወልደ ጻድቅ ከነመንደራቸው ይሰማሉ። ይስሙ! በላቡ ማጨድ ምን ነውር አለው? ነውሩ ሳያዩ መሰረዝ ነው። በሉ ደህና ዋሉ፣ ከእርሻው ሳይገባ ልድረስበት!