ማንም አይነካኝም ያለው ልጅ

ትሬቨር ኮቫች በተወለደባት የምዕራብ ፔንሲልቬንያ የወንዝ ዳር ከተማ ጉራ ሰላምታ ነው። የብረት ፋብሪካው እሳት ከጠፋ ወዲህ ሰዉ የሚኮራበት የቀረው አርብ ምሽት በትምህርት ቤቱ ሜዳ የሚደረገው የሞላላዋ ኳስ፣ የአሜሪካ ፉትቦል፣ ግጥሚያ ብቻ ነበር። ትሬቨር ክንዱን ያሳደገው ግን ከድልድዩ ላይ ሆኖ ከታች ወደሚያልፉት የከሰል ጀልባዎች ድንጋይ ሲወረውር ነው። ድንጋዩ የሚወረወረው ጀልባዋ ወዳለችበት ሳይሆን ገና ወዳልደረሰችበት ባዶ ውሃ ነው፤ ከዚያ ጀልባዋ ራሷ ሄዳ ትገናኘዋለች! ይህ ተአምር በልጅነቱ የተገለጠለት ሰው እንዴት አንገቱን ደፍቶ ይሂድ?

የተማረው ስሙ በማይታወቅ ትንሽ ኮሌጅ ስለነበረ፣ ታላላቆቹ ቡድኖች አዳዲስ ተጫዋቾች ሲመርጡ ማንም ስሙን አልጠራም። በኋላ አንድ ቡድን ደውሎ ሦስተኛ ኳርተርባክ፣ ማለትም ጨዋታውን እየመራ ኳሷን የሚወረውር ተጠባባቂ፣ አድርጎ ወሰደው። ቡድኑ ዓመቱን ሙሉ የሚያቆየው ሁለት ኳርተርባኮችን ነው። ሦስተኛው ነሐሴ ሲያልቅ ሻንጣውን ይዞ ወደ ቤቱ ይመለሳል።

በመጀመሪያው የማሟሟቂያ ግጥሚያ፣ ነባሮቹ ጨዋታውን ጨርሰው ኮፍያቸውን አድርገው ሲያወሩ፣ በመጨረሻው ክፍል ትሬቨር ገባ። ከፊቱ ጎንብሶ ኳሷን በእግሮቹ መሃል የሚያቀብለው ሎኒ ማክበሪ ነበር፤ ጺሙ የሸበተ፣ ትከሻው በር የሚያህል ሰው። ሎኒና ከጎኑ የተሰለፉት ግዙፎች ሊጥለው የሚመጣውን ተከላካይ ሁሉ አገዱለት። ትሬቨር ወረወረ፣ ኳሷ የጓደኛው እጅ ገባችለት። ደገመ፣ ገባችለት። ሲወጣ ማልያው ላይ የሣር እድፍ እንኳ አልነበረም።

ማይክሮፎኖቹ ከበቡት።

«ከበደህ?» አለች አንዲት ጋዜጠኛ።

«እውነቱን ልንገርሽ? የኛ ሰፈር የአርብ ጨዋታ ከዚህ ይከብዳል። ማንም አልነካኝም። ማንም አይነካኝም፤ ፈጣን ነኛ! ለዋናው ቦታ ዛሬውኑ ዝግጁ ነኝ።»

መኪናው ጋ ሳይደርስ አባቱ ስታን ደወለ። ከጀርባው የመጠጥ ቤት ጫጫታ ይሰማል።

«በሬዲዮ ሰማንህ! እዚህ ሰዉ ሁሉ ጠረጴዛ እየደበደበ ነው።»

«ጥሩ ተናገርኩ አባዬ?»

«እሳት ነበርክ። ግን እነዚያን ግዙፎች አላነሳሃቸውም።»

በማግስቱ ጠዋት ልብስ መቀየሪያው ክፍል ሲገባ ቀይ ማልያው ከቦታው የለም። ቀይ ማልያ በልምምድ ላይ ኳርተርባኮች ብቻ የሚለብሱት ነው፤ «ይህን ሰው እንዳትነኩ» ማለት ነው። ትሬቨር ዞር ሲል ማልያው ሎኒ ላይ ነበር፤ እምብርቱ ጋ እንኳ ሳይደርስ ደረቱ ላይ ተወጥሮ ቆሟል።

«ስጠኝ እንጂ ሎኒ!»

«ይሄ እኮ ለሚነኩ ሰዎች ነው። አንተን ምን ያደርግልሃል?»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ሎኒ ማልያውን በጭንቅ አውልቆ ወረወረለት።

«ስማኝ ጎረምሳው። በነሐሴ ማንም ቡድን ብልሃቱን አያወጣም፤ ዋናው ውድድር ለሚጀምርበት ለመስከረም ይቆጥበዋል። ባለፈው አራት ሰው ብቻ ነው የላኩብህ። እንግዳ ሆነህ ቢያከብሩህ ደካሞች አደረግሃቸው። ሐሙስ የምንገጥማቸው ደግሞ ጋዜጣ ማንበብ ይችላሉ።»

አንብበው ኖሯል። ሐሙስ ትሬቨር ገና ኳሷን ከመጨበጡ፣ በነሐሴ ታይቶ በማይታወቅ ሁኔታ፣ ሰባት ሰው መጣበት። እግሩን ይዞ የጣለው ቁመተ ረጅም ተከላካይ ደረቱ ላይ እንደተኛ «ይቅርታ ወንድሜ፣ ነካሁህ እንዴ?» አለው። ቀጥሎ ሌላው መጣ። ከዚያም ሌላው። አፉ በሣር ተሞላ፤ ከንፈሩ ተሰነጠቀ።

«ላስወጣህ?» አሉት አሰልጣኝ በርዴት ከመስመሩ ዳር።

«ኧረ በፍጹም! ገና አሁን ነው የሞቀኝ።»

ዛሬ ከወጣ ወደ ቤቱ መሄዱ ነው፤ ያውቀዋል። እንደገና በጀርባው ሲወድቅ የስታዲየሙን መብራት አየና አንድ ነገር ገረመው። ሁሉም እሱ ላይ ናቸው። ሁሉም! እንግዲያ ከኋላቸው ማን ቀረ? ጉራው ራሱ ሜዳውን ጠርጎለታል።

ተነስቶ ጓደኞቹን ሰበሰበ።

«ለአንድ ትንፋሽ ያህል ብቻ አግዷቸውልኝ።»

«ፈጣን አይደለህ?» አለ ሎኒ። «ሩጥ።»

ትሬቨር የከንፈሩን ደም ጠረገ።

«ፈጣን ነኝ» አለ ትሬቨር። «ያለ እናንተ ግን የምፈጥነው ወደ ሐኪም ቤት ነው። ያኔ ማይኩ ፊት ይህን ማለት ነበረብኝ።»

ሎኒ ምራቁን ተፋ። «አንድ ትንፋሽ። ሁለተኛውን ራስህ ግዛ።»

ትሬቨር ከመስመሩ ኋላ ቆሞ ጮኸ፦ «ኑ እንጂ! ካልኩት አልተመለስኩም እኮ!»

እንደ ጎርፍ መጡ። ሎኒና ጓደኞቹ ያችን አንዲት ትንፋሽ ያዙለት፤ ኳሷም ከሁሉም ራስ በላይ ተንሳፍፋ ባዶው ሜዳ ላይ የሚሮጥ ሰው እጅ ገባች። በተናደዱ ቁጥር ይበልጥ ይመጣሉ፣ በመጡ ቁጥር ኳሷ ታልፋቸዋለች፣ ጥቂት ቆይቶም እነ ትሬቨር ነጥብ አስቆጠሩ። ግጥሚያውን በጠባብ ልዩነት ተሸነፉ፤ ግን የነሐሴን ውጤት ማን ይቆጥራል?

ያችው ጋዜጠኛ መጣች። «ዛሬም ማንም አይነካኝም ትላለህ?»

«ያልነካኝ አንቺ ብቻ ነሽ» አለ ባበጠ ከንፈሩ። «የሎኒ ሰዎች ባይኖሩ ደግሞ አሁን የምትጠይቂው ነርሷን ነበር። ለዋናው ቦታ ግን ዛሬም ዝግጁ ነኝ።»

«ይሄ ልጅ መድኃኒት የለውም!» ብሎ ሎኒ ከኋላ ጮኸ።

ነሐሴ ሲያልቅ፣ በስንብቱ ቀን ጠዋት፣ የቡድኑ ሠራተኛ በሆቴሉ ኮሪደር በር እያንኳኳ ይዞራል። «አሰልጣኙ ይፈልጉሃል፣ የጨዋታ መጽሐፉን ይዘህ ና» የተባለ ሁሉ ተሰናባች ነው። ትሬቨር ጫማውን አስሮ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ እርምጃ ያዳምጣል። የጎረቤቱ የሁለተኛው ኳርተርባክ በር ተንኳኳ። ከዚያ የእሱ በር በቡጢ ተደበደበ።

ተነስቶ ከፈተው። ሎኒ በሩን ሞልቶ ቆሟል።

«ምን ተቀምጠሃል? ቁርሳችንስ?»

«የምን ቁርስ?»

«አዲሱ ኳርተርባክ ዓመቱን ሙሉ ለእኛ ቁርስ ያመጣል፤ ደንቡ ነው። የእንቁላል ሳንድዊች፤ ለእኔ ሦስት።»

«ዓመቱን ሙሉ?» አለ ትሬቨር። «ቀርቻለሁ ማለት ነው?»

«ተሰናባችን ማን ይልከዋል? ተነስ፣ ርቦናል! ለዋናው ኳርተርባክም አምጣለት።»

ትሬቨር ፊቱን በክንዱ ጠረገና ጃኬቱን አነሳ።

«አመጣለታለሁ» አለ። «ቦታውን እስክወስድበት ድረስ በደንብ ይብላ።»