በአንድ አድራሻ የተጠሩ ሁለት ኮምፒውተሮች

«ይሄን ነገር አጥፋልኝ፤ ደንበኛ እያባረረብኝ ነው!»

ዛሬ ረፋድ ላይ፣ ቡታጅራ ውስጥ ፎቶኮፒ ቤት ያላቸው እትዬ ዘይነባ ኮምፒውተራቸውን ልጠግን ስሄድ የተቀበሉኝ በዚህ ነው። ሰላምታው በኋላ መጣ።

ከትናንት ጀምሮ ኮምፒውተራቸው ላይ «የአይፒ አድራሻ ግጭት» የሚል ማስጠንቀቂያ ይወጣል። ሲዘጉት ተመልሶ ይመጣል፤ ኢንተርኔቱም ይቆረጣል። አንዲት ልጅ ዛሬ የሚዘጋ የሥራ ማመልከቻ ልትልክ ተቀምጣ ጥፍሯን ትበላለች።

ማስጠንቀቂያውን ማጥፋት ለእኔ ቀላል ነው። ግን የሚያለቅስ ሕፃን አፉ ስለታፈነ ጠገበ አይባልም።

መልእክቱ እኮ ግልጽ ነው፦ በዚሁ መስመር ላይ ሌላ ማሽን በእርስዎ የአድራሻ ቁጥር እየተጠራ ነው።

«ዋይፋዩን ለሰው ሰጥተዋል?»

«ለወንድሜ ለከድር ነዋ! ጎኔ ያለውን ቤት ትናንት ከፈተ።»

ሄድኩ። ከድር ሥራውን የለመደው እህቱ ጋ ነው። መደርደሪያው እንደ እሳቸው፣ የግድግዳው ቀለም እንደ እሳቸው፣ ዋጋውም እንደ እሳቸው። የኮምፒውተራቸውን የአድራሻ ቁጥሮችም አንድ በአንድ ወደ ራሱ ኮምፒውተር ገልብጧል።

«ንግድ ያስተማረችኝ እሷ፤ ከእሷ ምን እለያለሁ?» አለኝ ኮራ ብሎ። (ፎቶኮፒ ቤት ነው፤ ምን ይገርማል?)

ለኮምፒውተሩ የራሱን ቁጥር ሰጠሁት። ማስጠንቀቂያው ሳይነካ ጠፋ፤ የልጅቷም ማመልከቻ ሄደ።

እትዬ ዘይነባ ነገሩን ሲሰሙ ከት ብለው ሳቁ። ከዚያ ጠጋ አሉና፣ «ቁጥሩን በመለየትህ ደግ አደረግክ። ዋጋውን ግን እንዳይለይ ንገርልኝ!» አሉኝ።

እናንተስ፣ «ዝም አሰኝልኝ» ተብላችሁ እውነቱን ሲናገር ያገኛችሁት ማሽን አለ? ጻፉልኝ።

የዋጋውን ጉዳይ ግን ለከድር አልነገርኩትም። እኔ የማስታርቀው ኮምፒውተር ነው።