ካቡ ላይ የተደረደረው እንጆሪ

ጠጠር በድንጋይ መሐል ሽርር ብሎ ሲንሸራተት፣ ጎረቤት አሸዋ እያራገፈ መሆኑን እያወቅሁ እንኳ፣ ዛሬም በእጄ የያዝኩትን አስቀምጬ እቆማለሁ። ያንን ድምፅ መጀመሪያ የሰማሁት በዘጠኝ ዓመቴ፣ ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ በነሐሴ ዝናብ፣ ከእናቴ እንጆሪ ሥር ነው። ጎንበስ ብዬ ሳይ፣ አባቴ በሕይወት ሳለ የካበው የድንጋይ ካብ ወደ ውጭ ተነፍቶ ነበር። ከካቡ ሥር የእትዬ አልማዝ ቤት አለ፤ እትዬ አልማዝ ደግሞ የሁለት ሳምንት አራስ ነበረች።

ጥፋቱ የእኛ ነበር። ኢሕአዴግ ከገባ ጥቂት ዓመት ሆኖት ነበር፤ እናቴ ልብስ የምታጥብበት ግቢ አትክልተኛው ሽማግሌ የእንጆሪ ችግኝ በቅጠል ጠቅልለው ሰጧት፣ እኛ ግን የምንተክልበት መሬት አልነበረንም። እናቴም የዘይት ቆርቆሮውን አፉን ቀድዳ፣ የተሰነጠቀውን ጀሪካን ለሁለት ከፍላ፣ ሚስማር በከሰል አግላ ታች ታቹን በስታ፣ ከካራ ሰፈር ከብት አርቢዎች ባስመጣችው ፍግና አፈር ሞልታ፣ ፀሐይ እንዲያገኙ ብላ ካቡ አናት ላይ ደረደረቻቸው።

በጋውን ሙሉ ከቦኖ ውኃ እየቀዳን ጠዋትና ማታ እናጠጣ ነበር፤ ፍሬው አፈር ነክቶ እንዳይበሰብስ ጭድ እናነጥፍለት ነበር፤ ወፍ ማባረሩ የእኔ ሥራ ነበር። በልግ ላይ ቀላ፣ እናቴም ለታች ቤት ሳታቀምስ አንድም አትበላም ነበር። ከቀዳዳው የሚወርደው ውኃ የት እንደሚገባ ግን ማናችንም አልጠየቅንም። አንድ ቀን ብቻ እትዬ አልማዝ የገፋ ሆዷን ይዛ ወደ ላይ አንጋጣ፣ «እትዬ ዘነቡ፣ እንጆሪው ለእርስዎ፣ ጭቃው ለእኔ ሆነ እኮ» አለች።

«ቀይ ቀዩን ስትበዪ ጭቃ አላልሽም» አለቻት እናቴ፤ ተሳሳቁና ነገሩ በዚያው ቀረ።

ክረምቱ ሲገባ አፈሩ ውኃ ጠጥቶ፣ እኔና እናቴ አንዱን ቆርቆሮ ለሁለት ይዘን ማንሣት አቃተን፤ ይቆይ አልን።

ያን ቀን እናቴን ጠራኋት። መጥታ ካቡን አየችው፣ መዳፏን አስጠጋችበት፣ ከዚያ ቀስ ብላ፣ «ሩጪ፣ አልማዝን አስወጫት» አለችኝ። በጭቃው እየተንሸራተትኩ ወረድኩ።

«እትዬ አልማዝ፣ ካቡ ሊወድቅ ነው፣ ውጪ።»

«አንቺ ልጅ፣ አራስ በዝናብ ትወጣለች? ያውም ክርስትና ያልተነሣ ልጅ ታቅፌ? ብርድ ከሚመታኝ ድንጋይ ይምታኝ።»

እጇን ይዤ ብጎትት አልነቃነቅ አለች። እናቴ ከኋላዬ ገባች፤ አልተከራከረችም፤ ሕፃኑን ከአልጋው አንሥታ ጋቢዋ ውስጥ ሸሸገችና በሩ ላይ ሆና፣ «ልጅሽ ሄዷል፣ አንቺ እንደ ፈቀድሽ» ብላት ወጣች።

«ቆይ፣ ብረት ሳልይዝ?» አለች እትዬ አልማዝ፣ አራስ ባዶ እጇን ደጅ አትወጣምና። እኔ ቢላዋውን ከትራሷ ሥር መዝዤ አስጨበጥኳት፣ ጆንያ ራሷ ላይ ደፍቼ ወገቧን ደገፍኩ፤ መንገዱን ተሻግረን ማዶ ያለው ሱቅ ስንደርስ ካቡ ሄደ። ድንጋዩም፣ ቆርቆሮውም፣ እንጆሪውም ግድግዳውን ጥሶ፣ እሷ ተኝታበት የነበረው አልጋ ላይ ገባ።

ባለሱቁ ቢላዋውን አይቶ፣ «ማንን ልትወጊ ነው አልማዝ?» አላት።

«እንጆሪ ያበቀለችብኝን።»

«ውጊኝ፣ ይገባኛል» አለች እናቴ፤ ሕፃኑን እንዳቀፈች የስኳር ጆንያው ላይ ተቀመጠች። እስከ ጥምቀት እትዬ አልማዝ፣ ሕፃኑና ያን ቀን ሥራ ላይ የነበረው ባሏ ሦስቱም እኛ ቤት ኖሩ፤ ባሏና እናቴ አዲስ ካብ ካቡ፣ ውኃ የሚወጣበት መንገድም አበጁለት።

ያኔ እናቴ የማትፈራ ሴት ትመስለኝ ነበር። አሁን አያት ኮንዶሚኒየም፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሦስት ልጆች አሳድጋለሁ፤ ዝናብ በጠነከረ ቁጥር ግድግዳውን በመዳፌ እነካለሁ፣ ልጆቼም ይስቁብኛል። እሷም ፈርታ እንደነበር የገባኝ እናት ስሆን ነው፤ ፈርታም ግን ወርዳለች። ያን ቀን ሱቁ ውስጥ እናቴም፣ አራሷም፣ እኔም ነበርን፤ ሕፃኑም እንቅልፉን አልተወም። አራታችንም ተርፈናል።