በእናቴ አፍ ላይ የተለጠፈው ምስጋና

እናቴ በሕይወቷ አንድ ጊዜ ቴሌቪዥን ላይ ታይታለች። ያንን ዜና እኔ ያየሁት ከተላለፈ ሁለት ዓመት ያህል ቆይቶ፣ አርባ ምንጭ ውስጥ፣ ሰው በሞላበት አዳራሽ፣ ሁሉም እየሳቀባት ነው። መጀመሪያ ላይ እኔም ስቄያለሁ። አሁኑኑ ልናገረውና ይውጣልኝ።

አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ ውጤት አልመጣልኝም ነበር። በከተማው ታችኛው ክፍል፣ ሲቀላ፣ አክስቴ ቤት ተቀምጬ ሥራ እፈልጋለሁ እላለሁ እንጂ የምፈልገውን አላውቅም። ጠዋት ወደ ላይኛው ክፍል፣ ወደ ሴቻ እወጣለሁ፣ የተለጠፈ ማስታወቂያ አነባለሁ፣ ከሰዓት ወደ ሲቀላ እወርዳለሁ። ቁጭ ማለት አይሆንልኝም። ትምህርት ቤት ሳለሁ ሚኒ ሚዲያ ውስጥ ነበርኩ፤ በእረፍት ሰዓት ዛፍ ላይ በተሰቀለው ድምፅ ማጉያ ግጥም የማነበው፣ የጠፋ ደብተር የማስነግረው እኔ ነበርኩ። ስለዚህ አንድ የጋዜጠኝነት መምህር ቅዳሜ ቅዳሜ ለወጣቶች በነፃ ሥልጠና ይሰጣል ሲባል፣ አክስቴን እንኳ ሳልጠይቅ ሄጄ ተመዘገብኩ።

መምህሩ የአዲስ አበባ ልጅ ነው። ቲቸር እንለዋለን። ቀጭን፣ ችኩል፣ ሲናገር ጠመኔውን እንደ ሲጋራ የሚይዝ ሰው ነበር። በአርባ ምንጭ ሙቀት ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣብቆ እንኳ ከወዲያ ወዲህ ማለቱን አይተውም። ወዲያው ወደድኩት፤ እሱም እንደኔ መቀመጥ አይችልም።

"ትናንት ማታ ዜና ያየ?" ብሎ ይጀምራል።

እጅ ይወጣል።

"ምን ነበር?"

"ምርቃት!"

"ሌላስ?"

"ሌላ ምርቃት!"

ሳቅ። እሱ አይስቅም። "በሬዲዮ የፍራሽ ማስታወቂያ ሰምታችኋል አይደል? ባልና ሚስት ይጣላሉ። ፍራሽ ይገዛሉ። ይታረቃሉ። አሁን ደግሞ ዜናውን እዩልኝ። ሕዝብ ተቸገረ፣ ሪባን ተቆረጠ፣ ሕዝብ አመሰገነ። ልዩነቱን ንገሩኝ።"

"ፍራሹ ላይ ቢያንስ ይተኛበታል!" አለ አንዱ ከኋላ፣ አዳራሹ ተናጋ።

ቲቸር ያን ቀን ሰሌዳው ላይ የጻፈው አሁንም አይጠፋኝም፦ ማን ከፈለ? ማን አልተናገረም? ማንኛውንም ዜና፣ ማንኛውንም ማስታወቂያ በእነዚህ ጠይቁት አለን። እኔ ደግሞ ያዝ የተባልኩትን አጥብቄ የምይዝ ሰው ነኝ። አክስቴ ሬዲዮ ስትከፍት ከጎኗ ሆኜ "ማን ከፈለ?" እላለሁ። "ዝም ብለሽ ዳጣውን ፍጪ፣ የከፈለ ከፍሏል" ትለኛለች።

በአንዱ ቅዳሜ ቲቸር ላፕቶፑንና ፕሮጀክተሩን ይዞ መጣ። መስኮቱን በአንሶላ ጋረድን፤ ክፍሉ እንደ ምድጃ ጋለ። "ዛሬ ስለ ምስጋና ነው" አለ። "ይህን ዜና በየዙሩ ለሚመጡ ሠልጣኞች አሳያለሁ። ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም።"

ዜናው በደጋ አንድ የውሃ ቦኖ ሲመረቅ ነው። የደጋው ጭጋግ፣ የቀርከሃው አጥር፣ የእንሰቱ ቅጠል ሲታየኝ ደስ አለኝ፤ የኛን አገር ይመስላል ብዬ። የትኛው ሰፈር እንደሆነ ግን ልብ አላልኩም። ሪባን ተቆረጠ። ባለሥልጣኑ ቧንቧውን ሲከፍት ውሃው ፊቱ ላይ ተፈናጠረ፣ እኛ ሳቅን። ሴቶች ተሰልፈው አዲስ ቢጫ ጀሪካን ይዘው ቆመዋል። ጀሪካኖቹ አንድም ጭረት የላቸውም።

"ከሱቅ በውሰት ነው!" አለ የፍራሹ ልጅ። እኔም ሳቅኩ። ጮክ ብዬ ነው የሳቅኩት።

ከዚያ የአንዲት ሴት ፊት ስክሪኑን ሞላው። እናቴ ናት።

ሳቄ አፌ ውስጥ ቀረ። ለፋሲካ ብቻ የምትለብሰውን ልብስ ለብሳለች። አፏን ከፍታ በጋሞኛ ጥቂት ቃላት እንዳወጣች ድምፅዋ ዝቅ አለ፤ በላዩ ላይ የአንዲት ከተሜ ሴት ለስላሳ ድምፅ በአማርኛ መጣ፦ "ከዚህ ቀደም ውሃ ፍለጋ ብዙ እንንገላታ ነበር። አሁን ግን በደጃችን አግኝተናል። ላደረጉልን ሁሉ ምስጋናችን ከፍ ያለ ነው።" መጨረሻ ላይ የእናቴ ድምፅ ለቅጽበት መልሶ ጎላና ሌላ ዜና ገባ።

ቲቸር ወደ ኋላ መልሶ እናቴን አፏ እንደተከፈተ አቆማት።

"ይቺ ሴትዮ ምን ትመስላችኋለች?"

"ካድሬ!"

"አበል የተከፈላት!"

"ስክሪፕት የተሰጣት!"

"ሴትዮዋን አትፍረዱባት" አለ ቲቸር። "እንደ ፍራሹ ተዋናይ ናት። የተሰጣትን ታነበንባለች።" ይህን ያለው በደግነት ነው። በደግነት ማለቱ የበለጠ አቃጠለኝ።

እኔ ግን ጆሮዬ ሌላ ቦታ ነበር። መጀመሪያ የወጡትን ቃላት ሰምቻለሁ። የመጨረሻዎቹንም። ከአጠገቤ የተቀመጠችው የካምባ ልጅ፣ እሷም የጋሞ ናት፣ ወደኔ ጠጋ ብላ፣ ማንም እንዳይሰማት በጋሞኛ፣ "ሰማሽ ምን እንደምትል?" አለችኝ። አንገቷን ወዲያው ደፋች። ዞር ብዬ ሳይ፣ ከፊት አንድ ልጅ፣ ከመስኮቱ አጠገብ ሌላዋ፣ እንደኛው አንገታቸውን ደፍተዋል። ሰምተዋል። እዚያ አዳራሽ ውስጥ ጋሞኛ እንደሚችል የሚያስታውቅ ግን አልነበረም። ከደጋ የመጣን ልጆች ከተማ ስንገባ መጀመሪያ የምንደብቀው ምላሳችንን ነው። በአማርኛ ሴትና ወንድ አደባልቀን ተናግረን ስንት ጊዜ ተስቆብናል።

እናቴ መጀመሪያ ላይ ያለችው፦ "ይህን ውሃ አውቀዋለሁ፣ ትናንት እኔ ነኝ ያወጣሁት" ነው። መጨረሻ ላይ ደግሞ፦ "ካላመናችሁ ጀርባዬን እዩት።"

ይህን ነገር ከሁለት ዓመት በፊት ነግራኝ ነበር። ስልክ ደውላ። ለምርቃቱ ውሃው ከቧንቧው አልመጣም፤ መስመሩ አልደረሰም። ስለዚህ የሰፈሩ ሴቶች በዋዜማው ከታች ከምንጩ በጀርባቸው እያመላለሱ ገንዳውን እንዲሞሉ ታዘዙ። የቡድን ሥራ ተባለ። በበነጋው ሌሎቹ ድምፅ ከማይሰማበት፣ ከገመድ ወዲያ ቆመው እንዲያጨበጭቡ ሲደረግ፣ እናቴ ጥርሷ ስለሚያምር እንድትናገር ተመረጠች። እሷም ተናገረች። የቀበሌው ሊቀመንበር አጠገቧ ቆሞ ያስተረጉማል፤ እሷ ስትጨርስ ሳቀና ለጋዜጠኛው አንድ ነገር ነገረው። "ማርያምን፣ ልክ ልካቸውን ነገርኳቸው" አለችኝ በስልክ። "በቴሌቪዥን ግን ሌላ ሴት አፌ ውስጥ ገብታ ታወራለች አሉኝ።"

እኔ ምን አልኩ? "እሺ፣ ይሁን" አልኩ። እናቶች ነገር ያሳምራሉ ብዬ ነው። አመስግና አፍራ ነው ብዬ ነው።

ቦኖው በሳምንቱ ደረቀ። ሴቶቹ ወረዳ ሄደው ሲጮኹ፣ "እናንተው አይደላችሁ እንዴ በቴሌቪዥን ያመሰገናችሁት?" ተባሉ። ከዚያ ወዲህ ጥፋቱ ሁሉ የእናቴ ሆነ። ሰፈሩ ቴሌቪዥን ስለሌለው ዜናውን በዐይኑ ያየ የለም፤ ብትምል ብትገዘት የሚያምናት ጠፋ። ምንጭ አብረዋት መውረድ ተዉ። ደጋ ላይ ብቻዋን ውሃ የምትወርድ ሴት ምን ማለት እንደሆነች ለከተማ ሰው ማስረዳት ይከብደኛል፤ ጀሪካኑን ጀርባዋ ላይ የሚያወጣላት ሰው የላትም። ድንጋይ ላይ አስቀምጣ፣ ተንበርክካ፣ ራሷን አስራ ትነሣለች።

አዳራሹ ውስጥ እጄን አወጣሁ። ምን ልል እንደሆነ ሳላስበው ነው።

"እ፣ አንቺ።"

"እናቴ ናት።"

አንድ ሁለት ሰው ሳቀ፤ ቀልድ መስሏቸው። ቲቸር ጠመኔውን አወረደ።

"አላመሰገነችም" አልኩ። "ከላይ የተደረበው ነው የሚያመሰግነው። እሷ 'ውሃውን እኔ ነኝ ያወጣሁት' ነው የምትለው።" አማርኛዬ ተበላሸ፤ "እናቴ አለ" ብዬ "አለች" ብዬ አስተካከልኩ። ያን ጊዜ ግን ማንም አልሳቀም።

"እርግጠኛ ነሽ?" አለኝ።

የካምባዋ ልጅ ሳትነሣ፣ "እርግጠኛ ናት ቲቸር" አለች። ከመስኮቱ አጠገብም "አዎ፣ እንዳለችው ነው" የሚል ድምፅ መጣ።

ቲቸር ላፕቶፑን ዘጋውና ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ሲቀመጥ መጀመሪያ ያየሁት ያን ቀን ነው። "በየዙሩ ነው የማሳየው" አለ። "በየዙሩ። አንድ ሰው እንኳ አልነገረኝም።"

ምን ብለን እንንገረው? በየዙሩ እንደኛ ያሉ ልጆች እዚያ ተቀምጠው፣ ሰምተው፣ አንገታቸውን ደፍተው ወጥተዋል። እሱ ሰሌዳው ላይ "ማን አልተናገረም?" ብሎ ጽፎ፣ የምትናገረውን ሴት አልሰማትም። እኛ ሰምተን ዝም አልን። ከሁለታችን ማን እንደሚብስ እስካሁን አልወሰንኩም።

ስወጣ ተከትሎኝ መጣ። "እናትሽን ማግኘት እችላለሁ? በካሜራ ብንቀርጻት፣ ራሷ ብትናገር..." ብሎ ሳይጨርስ ፊቴን አይቶ ተወው። "ይቅር። ምን ልርዳሽ?"

"ዜናውን በሚሞሪ ስጠኝ" አልኩት።

በማግስቱ እሑድ ነበር። በኦቾሎ መንገድ እስከሚያደርሰኝ በመኪና፣ ከዚያ በእግሬ ወደ እናቴ ቤት ወጣሁ። ቦኖው አጠገብ ሳልፍ አየሁት፤ አንድ ሰው ፍየል አስሮበታል። እናቴ ደጃፍ ላይ ጥጥ እየፈተለች ነበር። የሆነውን ሁሉ ነገርኳት። እንዝርቷን አላቆመችም።

"ሳቁ?" አለች።

"ሳቁ።"

"አንቺስ?"

"ፊትሽን ሳላይ ስቄ ነበር።"

ተነሥታ ጀሪካኗን አነሣች፣ ለኔም ሌላ ሰጠችኝ። ያረጁ፣ አንደኛው ክዳኑ የበቆሎ ቆረቆንዳ የሆነ። ወደ ምንጩ ወረድን።

ምንጩ ላይ ሴቶቹ ነበሩ። እናቴን ሲያዩ ወሬያቸውን ቆረጡ። እኔ ስልኬን አውጥቼ፣ "ስሙ፣ እባካችሁ፣ አንዴ ስሙ" አልኳቸው። የስልኩ ድምፅ ደካማ ስለሆነ አንድ በአንድ ጆሯቸው ላይ አስጠጋሁላቸው። ለመጀመሪያዋ፣ ለሁለተኛዋ። እነሱ ጋሞኛውን ለመስማት አልተቸገሩም፤ አማርኛውን ነው የማይሰሙት። አጥር የምትጋራን ጎረቤታችን፣ መንገድ ላይ እንኳ እናቴን አላናግር ያለችው፣ ደግማ ሰማች። ከዚያ ዐይኗ እንባ ሞልቶ፣ "እውነትሽን ነው ለካ! ብለሻል ለካ!" አለች። ሌላዋ መጥታ የእናቴን ጀሪካን መሙላት ጀመረች። ሁሉም በአንዴ ማውራት ጀመሩ፤ ሊቀመንበሩን ይራገማሉ፣ "እንዴት ደፈርሽ!" ይላሉ፣ ይስቃሉ።

እኔም ደስ አለኝ። በቃ፣ አስተካከልኩት ብዬ።

እናቴ ግን ጀሪካኗን አልተወችላቸውም። ከሴትዮዋ እጅ ቀስ አድርጋ ተቀበለቻት።

"ሁለት ዓመት" አለች፤ አልጮኸችም። "ሁለት ዓመት በዚህ አፌ ነገርኳችሁ። ቴሌቪዥኑ ሲናገር እሱን አመናችሁ። ዛሬ ስልኩ ሲናገር ስልኩን አመናችሁ። እኔንማ መቼ ሰማችሁኝ?"

ከዚያ ዞር ብላ እኔን አየችኝ። ዐይኔን የት እንደማደርገው አጣሁ፤ ስልኩ እጄ ውስጥ እንደገና ከመጀመሪያው እየተጫወተ ነበር፣ ማጥፋቱንም ረሳሁት። ያቺ ከተሜ ሴት በእናቴ አፍ፣ በምንጩ ዳር፣ ምስጋናችን ከፍ ያለ ነው ትላለች።

እናቴ ጀሪካኗን ድንጋዩ ላይ አስቀምጣ ተንበረከከች። ከኋላዋ ሄጄ፣ ሳትጠይቀኝ፣ ጀርባዋ ላይ አወጣሁላት። አልከለከለችኝም። አላመሰገነችኝምም።