አደኑ ማክሰኞ ነው

ባለፈው ወር እማዬ ቤት ቁም ሳጥኑን ስከፍት ከላይኛው መደርደሪያ አንድ ጥቅል ጋቢ ጭንቅላቴ ላይ ወረደ። የታሰረበት ነገር ገመድ አልነበረም፤ ብርቱካናማ ላስቲክ ነው። የእጅ መዳፍ ያህል ሰፊ፣ ጠርዙ የተሰነጣጠቀ፣ ያን የጎማ ሽታውን እስከ ዛሬ ያልለቀቀ። ወደ አፍንጫዬ አስጠጋሁትና እዚያው ቁም ሳጥኑ ሥር ዘፍ ብዬ ተቀመጥኩ። ከጎማው ሽታ ጋር የመላጫ ሳሙና ሽታና የነሐሴ ሙቀት አብረው መጡብኝ። ለአደን የተዘጋጀሁት በዚህ ላስቲክ ነበር።

አደን ስል ብትስቁብኝ አልፈርድም፤ ያኔም ሰው ሁሉ ይስቅብኝ ነበር። ልጅ እያለሁ፣ በፈረንጆቹ ሁለት ሺህዎቹ አጋማሽ ላይ፣ እስራኤል አገር ቤርሼባ ከተማ፣ ሽኩና ቫቭ የሚባል ሰፈር ውስጥ ሦስተኛ ፎቅ ላይ እንኖር ነበር። ከጎንደር ከመጣን ገና ጥቂት ዓመታችን ነው። ማትናስ የምንለው የሰፈሩ ማዕከል ከሰዓት በኋላ ልጆችን ያስተምራል። እኔ ዳንስ ልመዘገብ ሄጄ ሞልቷል ሲሉኝ፣ ክፍት የቀረው ቀስት ብቻ ስለነበር ኩርፊያዬን ይዤ ገባሁ። አሠልጣኛችን ሳሻ የሚባል ከሩስያ የመጣ ሰውዬ ነበር። ዕብራይስጡ ከኔ የባሰ ስለሆነ ወዲያው ተግባባን። ደጋኑን እንዴት እንደምይዝ፣ ትከሻዬን እንዴት እንደምከፍት፣ ክሩን እስከ አገጬ ስቤ ትንፋሼን እንዴት እንደምይዝ ባብዛኛው በእጁ ምልክት ነው ያስተማረኝ። ኢላማችን የተለጠፈ ባለ ቀለም ወረቀት ነበር። የቆሻሻ ገንዳው ድመቶች ካልተቆጠሩ በቀር አውሬ የሚባል ነገር በአካባቢው አልነበረም።

አደን ብሎ የሰየመው አጎቴ ይርጋ ነው። የአባዬ ታላቅ ወንድም ነው፤ አባታቸው በጊዜ ስለሞተ አባዬን ያሳደገው እሱ ነበር። እኛ ስንመጣ የሱ የመግቢያ ጉዳይ ገና አልተፈቀደም ተብሎ ጎንደር ቀረ። አባዬ ዓርብ ዓርብ የስልክ ካርድ ገዝቶ፣ ቁጥሩን በሳንቲም ፍቆ ይደውልለታል፤ ካርዱ ሊያልቅ ሲል ስልኩን ለኔ ይሰጠኛል። ቀስት እንደምማር የነገርኩት ዕለት አጎቴ «ምነው፣ እስራኤል አገርም ዝንጀሮ አለ እንዴ?» አለኝ። በልጅነቱ ማሽላ ሲጠብቅ ዝንጀሮ በወንጭፍ ሲያባርር ስለኖረ ሌላ ምክንያት አልታየውም። ወረቀት ነው የምንወጋው ልለው አፈርኩ። «አደኑ የሚጀምረው በነሐሴ መጨረሻ ነው» አልኩት፤ የዓመቱን የመክፈቻ ውድድር ማለቴ ነበር። ከዚያ ወዲህ በደወልን ቁጥር ከሰላምታ በፊት «አደኑ መቼ ነው?» ይለኛል። «ብትጥይውስ ምን ልታደርጊው ነው? ካልታረደ እኮ አይበላም!» እያለ ሳል እስኪይዘው ይስቃል።

በጋው ሊገባ ሲል ከትምህርት ቤቱ አጥር ላይ ወድቄ ቀኝ ክንዴ ተሰበረ። በቤርሼባ ሙቀት ክንድን በጀሶ አስሮ መክረም ምን እንደሆነ ያየ ያውቀዋል። እማዬ የሹራብ መሥሪያ መርፌ እያስገባች ታክክልኝ ነበር። ጀሶው ሲፈታ ከውስጡ የወጣው ክንድ የኔ አልመሰለኝም፤ ቀጥኖ፣ አመድ መስሎ፣ የሌላ ሰው ክንድ ሆኗል። ማትናስ ተመልሼ ደጋኑን ስስበው ግማሽ ድረስ መጣና እምቢ አለኝ። የመጀመሪያዋ ቀስት ኢላማው ጋ እንኳ ሳትደርስ መሬት ላይ ተኛች። ሳሻ ቀስቷን አየ፣ ክንዴን አየና «ሎ ኖራ፣ ሎ ኖራ» አለ። ምንም አይደለም ማለቱ ነው፤ ፊቱ ግን እንደዚያ አላለም። ከዚያ ከቦርሳው ይህን ላስቲክ አውጥቶ ሰጠኝ። ጠዋትና ማታ ሳቢው፣ ለውድድሩ ትደርሻለሽ አለኝ።

እማዬ ስለ ቀስት አንድ ቀን በጎ ቃል ተናግራ አታውቅም ነበር። «ሴት ልጅ ደጋን ይዛ የማን ዘበኛ ልትሆን ነው?» ትላለች። ጀሶው ከተፈታ በኋላ ግን አንድ ቀን ከጽዳት ሥራዋ ዓይኗ አብጦ ተመለሰች። ምን ሆንሽ ስንላት «በረኪናው ነው» አለችን። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌላ ሰው ሆነች። ከእንቅልፌ ስነሳ «ላስቲክሽን ሳብሽ?» ትለኛለች። ማልያዬን አጥባ ተኮሰችልኝ። ይባስ ብሎ አንድ ሰንበት ማታ አባዬን፣ «ያን ማክሰኞ ሥራ አትገባም። ልጅቷን ሄደህ ታያታለህ። አንድ ቀን ብትቀር ፋብሪካው አይዘጋም» አለችው።

አባዬ ደነገጠ፤ እኔማ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ጎህ ሳይቀድ ወደ ፋብሪካው ይወጣል፣ ከዚያ ሲወጣ ደግሞ አንድ መጋዘን ይጠብቃል። ከሰንበት በቀር ፊቱን በቀን ብርሃን አናየውም ነበር። የወላጆች ስብሰባ ላይ መጥቶ አያውቅም። ለኔ ውድድር ብሎ ሖፌሽ፣ የሥራ ፈቃድ ሊወስድ! ማመን አቃተኝ። ከደስታዬ የተነሳ ያን ላስቲክ በበሩ እጀታ እያሰርኩ፣ በእግሬ እየረገጥኩ፣ መኻል ሳሎን ቆሜ ክንዴ እስኪዝል ሳብኩት። አንድ ነገር ብቻ ቅር ይለኝ ነበር። እኔ መሳብ ስጀምር እማዬ ብድግ ብላ ማድ ቤት ትገባለች። እንደዚያ ለአባዬ ተሟግታልኝ ለምን አታየኝም እል ነበር።

በዚያው ሰሞን የአጎቴ ስልክ አልመች አለ። ስንደውል የምታነሳው አንዲት ሴት ናት። አንዴ «ባላገር ወርዷል» ትላለች፣ አንዴ «አሁን እኮ ወጣ» ትላለች። አባዬ ካርዱ ሲያልቅበት ይናደዳል። «ጋሼ ደግሞ በስተርጅናው ዙረት ጀመረ?» ይላል። እኔም አንድ ዓርብ ስልኩን ተቀበልኩና ለሴትዮዋ «አደኑ ማክሰኞ ነው ብላችሁ ንገሩልኝ፣ እሱ ይገባዋል» አልኳት። «እሺ የኔ ልጅ፣ እነግረዋለሁ» አለችኝ። ያችን ድምፅ እስከ ዛሬ እሰማታለሁ።

ማክሰኞ ጠዋት ማልያዬን ለብሼ ተነሳሁ። አባዬ የሰንበት ሱሪውን አጥልቆ መታጠቢያ ቤት ጢሙን እየተላጨ ያንጎራጉራል። ሲያንጎራጉር ሰምቼው አላውቅም ነበር። እማዬ ማድ ቤቱን ዘግታ ውስጥ ናት። ክንዴን ላሟሙቅ ላስቲኩን እንደያዝኩ በሩ ተንኳኳ። ስከፍተው በነሐሴ ሙቀት ነጭ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌዎች ደረጃውን ሞልተውታል፤ ከኋላቸውም ነጠላ ያጣፉ ሴቶች እስከ ታችኛው ፎቅ ድረስ ተሰልፈዋል። ከፊት የቆሙት አባባ ፈረደ ናቸው፤ በሰፈሩ የተከበሩት ሽማግሌ። የጎረቤታችን ልጅ ወታደር ቤት ሲገባ እንዲሁ በጠዋት መጥተው መርቀውት ስለነበር እኔንም ሊመርቁኝ የመጡ መሰለኝ። አባዬ ስለ ውድድሩ አውርቶላቸው ይሆናል አልኩ። ልቤ በኩራት ሊፈነዳ ደረሰ።

«ግቡ አባባ፣ ግቡ! ገና አልሄድንም» አልኳቸው። ወንበር እየጎተትኩ አስቀመጥኳቸው። ማንም አንድ ቃል አልተናገረም። ሽማግሌ ሲያፍር እንዲህ ነው ብዬ ላጫውታቸው ፈለግሁ። መኻላቸው ቆሜ የላስቲኩን ጫፍ በግራ እጄ ያዝኩና በቀኜ እስከ አገጬ ሳብኩት። ያ የተሰበረ ክንዴ አልተንቀጠቀጠም። «አያችሁ? ክንዴ ድኗል!» አልኳቸው። አባባ ፈረደ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «በርቺ ልጄ» አሉ፤ ሌላ አልጨመሩም።

ያኔ አባዬ ማን መጣ ብሎ ከመታጠቢያ ቤት ወጣ። ግማሽ ፊቱ ተላጭቷል፣ ግማሹ አረፋ ነው፣ ምላጩ በእጁ ነው። ሰዎቹን አያቸው። እኔ ያን ሁሉ ጊዜ አብሬያቸው ቆሜ ያልገባኝን እሱ በዓይን ቅጽበት ገባው። እንግዶቹን እንኳን ደህና መጣችሁ አላለም። «የማንን ነው ይዛችሁ የመጣችሁት?» አለ።

«ተቀመጥ ልጄ» አሉ አባባ ፈረደ።

«ጋሼ ነው?»

በሩ አጠገብ የቆመው ሰውዬ ፈጠን ብሎ ከሁሉ በፊት ምላጩን ከእጁ ወሰደ። ለዚያ ሲል እዚያ የቆመ ይመስል ነበር። ከዚያ ቤቱ በአንድ ጊዜ በለቅሶ ተናጠ። ሴቶቹ ከደረጃው እየጮኹ ገቡ፣ አባዬ ደረቱን ሲደቃ ሁለት ሰዎች ክንዱን ያዙት፣ አረፋው በእንባው እየታጠበ የሰንበት ሱሪው ላይ ይንጠባጠባል። እኔ ላስቲኬን እንደያዝኩ ግድግዳው ላይ ተጣበቅሁ። ያልኩትን አስታውሳለሁ፤ «ይረፍድብናል» ነው ያልኩት። የሰማኝ የለም። ስልኩ ጮኸ፣ ጮኸና ዝም አለ። ሳሻ እንደሚሆን አውቄ ነበር፤ አላነሳሁትም።

ውሃ ልጠጣ ማድ ቤት ስገባ ደግሞ ሁለተኛው ድንጋጤ ጠበቀኝ። ምድጃው ላይ ትልቁ ድስት ተጥዷል። ክዳኑን ባነሳው ንፍሮ ነው፤ የለቅሶ ንፍሮ፣ በስሎ ያለቀ። ሽምብራ በአንድ አፍታ አይበስልም። ማታ ተዘፍዝፎ፣ ማለዳ ተጥዶ፣ እኔ ማልያዬን ስለብስ፣ አባዬ ሲያንጎራጉር ይንተከተክ ነበር። እማዬ ታውቅ ነበር ማለት ነው። ዓይኗ ያበጠው በበረኪና አይደለም። ስልኩን ታነሳ የነበረችው ሴት ታውቃለች፣ ሽማግሌዎቹ ያውቃሉ፣ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ሰንበት ላይ ግን መርዶ አይነገር፣ በሌላው ቀን አባዬ ጎህ ሳይቀድ ይወጣል፣ ጠዋት ቤት የሚገኝበት ቀን አልነበረም። እማዬ ያን ቀን ሥራ ያስቀረችው ለመርዶው ነው። የተኮሰችው ማልያ፣ «ላስቲክሽን ሳብሽ?» ያለችኝ ሁሉ ለኔ መስሎኝ ነበር። ከአጎቴ ሞት እኩል ያመመኝ ይህ ነው፤ እንዲህ ማለት ነውር ቢሆንም እውነቱ ይህ ነው።

ሐዘንተኛ ስለማይላጭ አባዬ ያን ሰሞን ሁሉ ፍራሹ ላይ በግማሽ ጢም ተቀመጠ። ለቅሶ የሚደርስ ሰው ግማሽ ፊቱን እያየ ምን እንደሚል ግራ ይገባው ነበር። ሽብዓው፣ የሰባት ቀኑ ለቅሶ፣ በሚያበቃበት ጠዋት፣ ከፍራሹ ሊነሳ ሲል ጠራኝ። «ያደኑስ ነገር?» አለኝ። አልፏል አልኩት። «እስቲ ያን ነገርሽን አምጪው» አለ። አምጥቼ ፊቱ ቆሜ ሳብኩት። ክንዴ ያን ጊዜ ተንቀጠቀጠ። አይቶ አይቶ፣ «ዝንጀሮ ያባርራል» አለ፤ ከዚያ ጋቢውን ፊቱ ላይ ሳበ። ውድድር ላይ አንድም ቀን ሊያየኝ ሳይመቸው እኔም ከጥቂት ዓመት በኋላ ደጋኑን መለስኩ።

ዛሬ መርዶ በጋቢ አይመጣም። ባለፈው ዓመት የአክስቴ ልጅ መሞቱን የሰማሁት ገበያ ወረፋ ላይ ቆሜ፣ በስልኬ፣ ከሻማ ሥዕል ጋር ነው። የእርጎዬን ሒሳብ ከፍዬ ወጣሁ። ምላጭ ከእጄ የሚወስድ ሰው አልነበረም። ደረጃ ሙሉ ሰው ለአንድ ሰው ሲል ምስጢር ታቅፎ መክረሙ ያኔ ጭካኔ መስሎኝ ነበር። መኪናዬ ውስጥ ብቻዬን ተቀምጬ ግን የተመኘሁት እነዚያኑ ነጭ ጋቢዎች ነው።

ቁም ሳጥኑ ሥር ላስቲኩን እንደያዝኩ ይህን ሁሉ ለእማዬ ነገርኳት። አባዬ ለጸሎት ቤት ክኔሴት ሄዶ ነበር፤ ሁለታችን ብቻ ነበርን። ለኔ መስሎኝ ነበር አልኳት፣ በዚህ ዕድሜዬ። እማዬ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«አባባ ፈረደ እግር ላይ ወድቄ ነበር» አለችኝ። «ትወርውርና አባቷ ይያት፣ ደስ ብሎት ይመለስ፣ ከሰዓት በኋላ ንገሩት ብዬ ለመንኳቸው። መርዶ በጠዋት ነው ብለው እምቢ አሉኝ።»

ላስቲኩን ከጋቢው ፈታሁት።

«ስትስቢው ማድ ቤት የምገባው እንዳላለቅስብሽ ነው» አለች። «አንድ ቀን እንኳ ደህና አድርጌ አላየሁሽም። እስቲ አሁን ሳቢው።»

ተነስቼ ቆምኩ፣ ትከሻዬን ከፈትኩ፣ የተሰነጣጠቀውን ላስቲክ ቀስ ብዬ እስከ አገጬ ሳብኩት። እማዬ ዓይኗን አልነቀለችም።